የሚካኤል ዝግባና ባለብረት ጥፍሩ ጫማ

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ባሕር ዛፉ ወርዷል። ወገዳ ከተማ፣ የአንዲት ጠላ ሻጭ ጣራ ላይ ያዘመመ ነበር። ከጫፍ ጀመርኩ። ጫፉን በመጫኛ አሰርኩ፣ ከታች በኩል በመጋዝ ትንሽ ነከስኩት፣ ከዚያ ከላይ ቆረጥኩ። ቀስ ብሎ ወረደ። ከታች ሳይነክስ ከላይ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን እስከ ግንዱ ገሽልጦ ይወስድበታል። ዛፍ እንደ በግ በቁሙ ሲገፈፍ ማየት ደስ አይልም። አንዲት ቆርቆሮ አልተነካችም። ሴትዮዋ ፈርታ ዓይኗን በነጠላ ሸፈነች። ጦጣ ብትሆን አትሸፍንም፤ ደብተር ይዛ ቁጭ ብላ ትማር ነበር።

ደብተር ካልኩ አይቀር፣ አንተም እወቀኝ። ሞላ ነኝ። ከስማዳ እስከ እስቴ ድንበር ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ሲፈለግ እኔ ነኝ የምጠራ። የማታ ትምህርቱን በሚያዝያ ጨረስኩ። መ/ርቷ በየጊዜው ካልጻፋችሁ ፊደሉ በርሮ ይጠፋል ብላናለች። ሌሎቹ አንድ መስመር ጽፈው ያዛጋሉ። እኔን እይ። ማሳጠርም አስተምራናለች፤ ቤ/ክ፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ። ወደድኩት። ቃልን እንደ ቅርንጫፍ መመልመል ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ከወንዙ ማዶ ድምፅ። ወፍጮ ይመስላል፣ የተቆጣ ወፍጮ። የሞተር መጋዝ ነው አሉኝ። የደ/ ነው። ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ቀለም አላባክንም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ስለ እሱ አልጽፍም ብዬ ነበር። እጄ እምቢ አለ።

ደ/ የእትዬ ብርቄ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ከመብራት ሽቦ ሥር ያሉ ዛፎችን ሲቆርጥ ኖሮ ለፋሲካ መጣ። ይመለሳል ስንል ቀረ። ቢጫ ቆብ አለው፣ ደረቅ፣ ዱባ የሚያህል። ወገቡ ላይ ከፊትም ከኋላም ቀለበት ያለው ቀበቶ ይታጠቃል፤ የተጫነች በቅሎ ነው የሚመስል። ጫማው ደግሞ በጎኑ የብረት ጥፍር አለው። ግንዱ ላይ ሰክቶ፣ ሌላውን ሰክቶ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ይወጣል። እኔ የምወጣው በባዶ እግሬና በላም ጠፍር ነው። ጠፍሩን በግንዱ ዙሪያ አዞርና ወገቤ ላይ አስራለሁ፣ በእግሬ እገፋለሁ፣ ጠፍሩን ወደ ላይ ወርወር አደርጋለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር።

ባለቤቴ ትርንጎ ከገበያ መጣች። ወሬዋ ሁሉ ደ/ ነው። አንድ ግራር በቁርስና በምሳ መሀል አወረደ፣ ልጆቹ ሁሉ በስልክ ቀረጹት፣ ቆቡ እንዴት ያምራል። አባቴ ያለ ቆብ ነው ዕድሜውን የጨረሰ አልኳት። አባትህማ ወድቆ ነው የጨረሰ አለች። እውነት ነው።

አንተን ማን ቀርጾህ ያውቃል አለችኝ ደግሞ። ዛፉ ያውቀኛል አልኩ። ዛፍ ስልክ የለውም አለች።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ሰንበት ነው፣ መጥረቢያ አይነሳም። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በሚካኤል ዝግባ ሥር ቆሙ። ዝግባው በውስጠኛው ቅጽር ነው ያለ፣ ከቤ/ክ ጎን። አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ጣራውንም፣ ታቦቱ ሲዞር የሚያልፍበትንም መንገድ ተሻግሮ ተዘርግቷል። ውፍረቱ ወይፈን ያህላል። የሚያዝያ ነፋስ ብብቱ ላይ፣ ከግንዱ በሚገናኝበት፣ ሰንጥቆታል። ጣት ያስገባል። ሰኔ 12 ዓመታዊው በዓል ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ከሥሩ ነው የሚቆም። ከዚያ በፊት መውረድ አለበት።

ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ ሄጃለሁ። ከእኔ ሌላ ማን ይጠራል ብለህ ነው። ግንዱን በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ሐኪም መሰልኩ። የሰበካው ሰብሳቢ ተጠጉኝና ሞላ ባትለፋም ይሻላል አሉ፤ ለደ/ ነግረነዋል፣ ሞተር ስላለው ቶሎ ይጨርሳል።

ቶሎስ ይጨርሳል፣ ቤ/ክውን አብሮ እንዳይጨርሰው እንጂ አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ይህ ለእኔ ብርቅ ነው፤ በገዛ ቀልዴ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ።

ይህ ዛፍ ከእጄ ከወጣ ሌላውም ይከተላል። ሰው የጓሮውን ዛፍ ለማን ልስጥ ሲል የሚካኤልን ማን ቆረጠው ብሎ ነው የሚጠይቅ። ከዚያ ሞላ ማን ነው? ማገዶ ፈላጭ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

የሚካኤሉ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ለመቋሚያ የሚሆን የወይራ ዘንግ ልጬ፣ አለስልሼ ይዤ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ዘንጉን ወደዱት። ሁለት ጊዜ መሬቱን መቱበት።

የኔታ፣ እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ አልኩ። በውስጠኛው ቅጽር በጫማ ይገባል ወይ? አለመግባቱን እግርህ ራሱ ያውቀው የለ፣ ምን ያስጠይቅሃል አሉኝ። እንግዲህ ብረት ባለው ጫማ የቤ/ክ ዛፍ ላይ መውጣት እንዴት ነው አልኩ። ዘንጉን ማገላበጥ ያዙ። ጨመርኩ። ጥፍሩ በተሰካ ቁጥር ልጡን ይበሳል። ውሃ ይገባበታል፣ ከውሃ ጋር ብስባሹ ይገባል። ሊወድቅ የተፈረደበት ዛፍ ላይ ግድ የለም። ሊኖር በሚገባው ዛፍ ላይ ግን ቁስል ነው። ደ/ ባሕር ዳር ቶሎ ቶሎ ለምዶ ነው እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም ብዬም አመሰገንኩት። የማር ጠብታ ጨመርኩበት እንግዲህ።

አንድ ፊደል አልዋሸሁም። ለምን እንደተናገርኩ ግን አውቃለሁ። አንተም አወቅህ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

መሪጌታ በሕዝቡ ፊት ተናገሩ። በጫማ አይገባም፣ በብረት ጥፍርም በዝግባው ላይ አይወጣም። የሰው ዓይን ሁሉ የደ/ እግር ላይ ወረደ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ፣ ደመና እንደሚቆጥር ሰው። ደ/ እንግዲያው አልችልም ይላል ብዬ ነው፣ ከዚያ ሰዎቹ ወደ እኔ ይዞራሉ። የምመልሰውንም አዘጋጅቻለሁ፤ ትንሽ እግደረደራለሁ።

ደ/ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። እሺ የኔታ፣ በባዶ እግሬ እወጣለሁ አለ። ማክሰኞ ተባለ።

ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው ተባለ ደግሞ። ሴቶቹ መረቁት። እኔ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ እሱ ችግኝ ተከለበት።

ግንቦት 18፣ ሰኞ። ሲመሽ

በእትዬ ብርቄ ቤት በኩል አለፍኩ። መንገዴ አልነበረም፣ አደረግሁት። ደ/ ከጓሮ ብሳና ላይ እየሞከረ ነው። እግሩ ነጭ፣ እንደ ተላጠ ድንች። ጫማ ውስጥ የኖረ እግር።

ግንዱን አቅፎታል። ስሕተቱ እሱ ነው። የፈራ ሰው ዛፍ ያቅፋል፣ ያቀፈ ሰው ይንሸራተታል፤ ምክንያቱም ክብደቱ ከእግሩ ይወጣና ወደ ክንዱ ይሄዳል። ደረት ከግንዱ መራቅ አለበት። ጠፍሩ ላይ ወደ ኋላ መተኛት ነው፣ ያን ጊዜ እግር ይነክሳል። ሁለቱም እግሮች ሳይቆሙ ጠፍር አይነሳም። ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን አየሁ። ምላሴን በላኝ።

አየኝ። አያ ሞላ፣ እግሬን የት ላድርገው አለ።

ከመሬት አታንሳው አልኩት።

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሄድኩ።

እናቱ በር ላይ ያዙኝ። ያለ እሱ ልጅ የላቸውም። ሞላ፣ ነገ ምንም አይሆንብኝም አይደል አሉኝ። ብዙ ዛፍ የቆረጠ ልጅ ነው አልኩ። ስንት እንደቆረጠ አይደለም የጠየቅሁህ አሉ። ሥራ አለብኝ ብዬ ሸሸሁ።

ራት ቀረበ፣ ግማሹን ተውኩ። ትርንጎ ታመምክ ወይ አለች። ምቀኝነት ምን መድኃኒት አለው ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ለመንደሩ ሁሉ ታወራብኛለች ብዬ ተውኩት።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ። ከሰዓት በኋላ

ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረድ።

በጠዋት ሰው መጣ። ጤዛ አለ። የዝግባ ልጥ ቅርፊቱ እየተላላጠ የሚነሳ ነው፤ ጤዛ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ፀሐይ እስኪመታው መጠበቅ ነው ያለ። ይህን ባሕር ዳር አያስተምሩም፤ እዚያ ጥፍሩ ይሰካል፣ ጤዛም ቢኖር ግድ የለም። አውቃለሁ፣ ቆሜአለሁ፣ አልተናገርኩም። ትንሽ ይንሸራተት ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ። ወርዶ ይፈር።

ወጣ። ሞተሩ በገመድ ከወገቡ ተንጠልጥሏል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግራ እግሩ ከዳው። ቀበቶው ያዘው፣ ግን የሞተሩ ገመድ ከአንድ ጉቶ ሥር ተወሽቆ ቀረ። ወደ ላይ አይሄድ፣ ወደ ታች አይመጣ። ዝግባውን ሙጭጭ አለበት። ከራሱ በላይ ያ የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ። ደ/ በተነቃነቀ ቁጥር ከብብቱ ቋ፣ ቋ ይላል። ያን ድምፅ ከሕዝቡ መሀል ለይቼ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰው ሚካኤል፣ ሚካኤል ይላል። እናቱ አፋቸውን ይዘዋል። መሪጌታ ወደ እኔ አዩ። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ጠፍሬን አሰርኩ። እንዴት እንደወጣሁ አልጽፍልህም፣ ዛሬ ጉራ የለም። በጉቶ በጉቶው ተረከዜን እያስነከስኩ ደረስኩ። ደ/ አመድ መስሏል።

ምን ጠፋብህ እዚህ አልኩት፣ እንዲስቅ።

አያ ሞላ፣ እግሬ አይሰማኝም።

እኔ ይሰማኛል፣ ስጠኝ አልኩ። ተረከዙን በእጄ ይዤ ግንዱ ላይ ያበጠ እጢ ላይ አኖርኩለት። ደረትህን አርቅ። ጣራውን አትይ፣ አፍንጫህ ፊት ያለውን ልጥ እይ። ቀበቶህ ላይ ተኛበት፣ ይችልሃል። ገመዱን ከጉቶው አላቀቅሁ። ሞተሩን ወደ ታች አወረድኩ። ከዚያ እሱን፣ አንድ እግር፣ አንድ እግር።

መሀል ላይ ቀስ ብሎ አለኝ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰማ። የጫማውን ነገር ለየኔታ የነገርካቸው አንተ ነህ ይባላል።

ቀኝ እግርህን አልኩ።

እውነት ነው?

ቀኝ እግርህን አልኩህ። እውነት ነው። አሁን ግራህን።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ሲወርድ ውስጥ እግሩ ተልጦ ይደማል። እትዬ ብርቄ ጉልበቴን ሳሙ። በጥፊ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ተሽሎኛል መሰለኝ፤ ተናድጃለሁ።

አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ደ/ ነው። ያን ያህል ሰዓት ተንጠልጥሎ አለመውደቁ። ወንድ ነው፣ ቆራጥ ነው። እኔስ? ሞላማ የለመደው ነው አሉ። ትርንጎ ራሷ እንዲህ ስትል ሰማኋት፣ ለጎረቤት፣ በአጥር ላይ። በደንብ የሚሠራ ሰው የሚረሳበት፣ ተጣብቆ የቀረ የሚወደስበት አገር። እኔም በወጣትነቴ አንድ ቀን ተጣብቄ መቅረት ነበረብኝ።

መሪጌታ አስጠሩኝ። ቅርንጫፉ እንዳለ ነው፣ በዓሉ እየደረሰ ነው፣ ጨርሰው አሉ። ለዚህ ነበር ሁሉ ነገር። ፀሐይ ሲመታው ወጣሁ፣ ጫፉ ድረስ። ስንጥቁን አየሁ። አሁን ሁለት ጣት ይገባል። መጥረቢያዬን መዝዤ አንድ ጊዜ ብቻ መታሁ፣ በስሱ። ቋ አለ። በመጥረቢያ አይሆንም፤ በመታሁት ቁጥር ይከፈታል፣ ሳልጨርሰው ራሱ ይገነጠላል፣ እኔንና ጣራውን ይዞ። የእጅ መጋዝም ጫፉ ላይ ይሠራል እንጂ ወፍራሙ ጋ ሲደርስ ቅርንጫፉ ረገብ ይልና ይነክሰዋል። እዚያ በፍጥነት የሚያልፍ ነገር ያስፈልጋል።

ሞተር።

ዛፉ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ከታች ያሉት ሲጸልይ ነው አሉ። ስሳደብ ነበር። ወርጄ ለመሪጌታ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ያለ ደ/ አይሆንም። እንግዲያው ሂድና ለምነው አሉኝ፣ እኔ አልልክልህም።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ደ/ መደብ ላይ ነው፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አልጽፍም። ይቅርታ የሚለው ቃል አለበት፣ ይበቃሃል። የእግሩን ጨርቅ ፈትቶ እንደገና ጠቀለለ። ከዚያ ሞተሩን አምጣው፣ ከመደቡ ሥር ነው አለ።

ሁለት ቀን አስተማረኝ፣ ግንድ ላይ፣ መሬት ላይ። ትናንት ማርያም ስለነበረ ሞተሩን ሳያስነሳ አያያዙን ብቻ፤ ዛሬ ነዳጅ ሞላን። ልጄ የሚሆን ሰው ይቆጣኛል። በሁለት እጅህ። አውራ ጣትህ ከሥር ይዙር። በጫፉ አታስነካ፣ ወደ ኋላ ዘሎ ይረግጥሃል። ከትከሻህ በላይ አታንሳው። የማታ ት/ቤት ውስጥ እንዲህ አልተቆጡኝም። መልስ ስሰጥ፣ አያ ሞላ እዚህ ቀልድ የለም፣ ይህ መጋዝ ቀልድ አይገባውም አለኝ። እናቱ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ከስንት ቀን በኋላ።

ቆቡን አጠለቀልኝ። በዚያው ትርንጎ ደረሰች። እስክትቀመጥ ሳቀች። ዱባው አማረብህ አለች። ቤት ስደርስ በባልዲ ውሃ ውስጥ ራሴን አየሁ። አምሮብኛል። ይህን ለማንም እንዳትነግር።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ወረደ።

ከፀሐይ በኋላ ወጣሁ። መጀመሪያ ደ/ ያዋሰኝን የማሰሪያ ሰንሰለት በስንጥቁ ዙሪያ ጠምጥሜ አጠበቅሁ፣ ብብቱ እንዳይከፈት። ከዚያ ከጫፍ፣ በእጅ መጋዝ። ቀጫጭኑን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በመጫኛ ከላይኛው ግንድ ላይ አሳልፌ፣ ታች ያሉት ሰዎች ገመዱን እየለቀቁ። ጣራው ላይ ቅጠል እንጂ እንጨት አላረፈም። ጫፉ ሲቀል ቅርንጫፉ ራሱ ወደ ላይ ቀና አለ። ተገላገልኩ እንደሚል ሰው። ስንጥቁ ገጠመ።

ሞተሩን በገመድ ሳቡልኝ። ደ/ ታች በርጩማ ላይ ሆኖ ይጮኻል፣ ትንፋሽህን ሰብስብ፣ ሰብስብ። ከሥር ነከስኩ። ከላይ ገባሁ። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ የሚላጭ አለ፣ እሱ ዛፍ ገዳይ ነው፤ ጉቶ አስረዝሞ የሚተውም አለ፣ እሱ ብስባሽ ጋባዥ ነው። የቅርንጫፉ አንገት ላይ እንደ ቀለበት ያበጠ አለ። ቀለበቱን ሳትነካ ከእሱ አለፍ ብለህ ነው። በዚያ በኩል ዛፉ ራሱ ቁስሉን ይከድናል፣ እንደ ከንፈር። እንዲያ አድርጌ ቆረጥኩ። የቀረው ወፍራሙ በሁለት መጫኛ ተንሳፍፎ ሣሩ ላይ ተኛ። ወይፈን ሲተኛ እንዲያ ነው።

ከእንጨቱ ማንም ስንጥር ወደ ቤቱ አልወሰደም፤ የሚካኤል ነው፣ ለበዓሉ ጨረታ ይወጣል። መሪጌታ ራሴን ነክተው መረቁኝ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቅጽሩ ውጭ የነበረው ሰው ግን ያየው የለም፣ የሰማው ሞተር ነው። ሞተር ከተሰማ ደ/ ነው። ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አንዱ ደሳለኝ ጉድ ሠራ አይደል አለኝ። ዛፉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሞተሩ የማን ነው አለኝ። የደሳለኝ አልኩ። ታዲያ አለ፣ ሄደ።

ታዲያ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ደ/ እያነከሰ መጣ። አልተቀመጠም። የእግሩ ጨርቅ አቧራ ሆኗል። እንደ አንተ መውጣት አስተምረኝ አለ። ሽቦ ሥር ያለውን ዛፍ አውቃለሁ፣ የቤ/ክውን አላውቅም። አስቤበት እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት። ትርንጎ ምን ያሳስበዋል ብላ አየችኝ።

እንዲህ ነው። ሞተር አለው፣ ቆብ አለው፣ ጉልበት አለው፣ ምርቃት አለው። የሌለው አንድ ነገር የእኔ እግር ነው። እሱን ከሰጠሁት ምን ይቀረኛል? ካልሰጠሁትስ? ልጁ ግትር ነው፣ ብቻውን መውጣቱ አይቀርም፣ ግንድ አቅፎ። ያን ቋ የሚል ድምፅ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም። እትዬ ብርቄም በር ላይ እንዲይዙኝ አልፈልግም።

ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ምቀኝነቴን። አለ። ዛሬም አለ፣ ቁርሴን አብሮኝ በላ። ቢሆንም ይምጣ።

አስተምረዋለሁ። ነገ መድኃኔዓለም ነው፣ ሥራ የለም። ሐሙስ ከቤቴ ጀርባ ካለው ወይራ እንጀምራለን፤ አጭር ነው፣ ሻካራ ነው፣ ጠዋትም አያንሸራትትም። እየወጣ ሳለ ማን አስተማረህ ብለው ይጠይቁት ይሆናል። ስሜን ይጥራ። ከነአባቴ ይጥራው። ከረሳው ደግሞ ገመዱን ከታች የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ትንሽ ነቅነቅ አድርጌ አስታውሰዋለሁ።